«ደፈረኝ» ነበር ያለችው

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለቄስ አልነገርሁም። ለወለድኋት ልጄም አልነገርሁም። በአስተስርዮ ቀን፣ ሰው ሁሉ ጾሞና ቆሞ በደሉን በሚቆጥርበት ቀን፣ እኔም ቆሜ እቆጥራለሁ፤ ያማኋትን ሴት፣ የቀናሁበትን ቤት፣ የጮኽሁበትን ሕፃን እቆጥርና እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። እግዚአብሔር የማያይ ይመስል። እናንተ የምታነቡኝ ግን አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም። ምናልባት ድፍረት ያገኘሁት ለዚህ ይሆናል። ድፍረት ከተባለ።

ብርቄ እባላለሁ። ቤተሰቦቼ ከጎንደር ገጠር ወጥተው አዲስ አበባ ላይ የእስራኤልን ጉዞ ሲጠባበቁ እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፤ በአውሮፕላን ተጭነን እዚህ ስንመጣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ልጅ ስለነበርሁ ዕብራይስጡ ቶሎ ገባኝ። ናታንያ ከተማ፣ ሺኩን ቫቲኪም ስንሰፍር፣ የሰፈሩ እናቶች ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ እኔን ይዘው፣ የልጆቻቸው አስተማሪ ስትጠራቸውም እኔን ይዘው ነበር የሚሄዱት። አፍ ሆንኋቸው። በኋላ አንድ ማኅበር ይህንኑ ሥራዬ አድርጎ ቀጠረኝ። የተደበደበ፣ የተዘረፈ፣ የተዛተበት ሰው፣ ከሁሉ ይልቅ ሴት፣ ሚሽታራ ሄዶ ለመክሰስ ሲፈራ አብሬው እሄድ ነበር። ሚሽታራ የምንለው ፖሊሱን ነው። በሩ ላይ አብሬ እቆማለሁ፣ ወረፋውን አብሬ እጠብቃለሁ፣ መብቱን እነግረዋለሁ፣ ካስፈለገም እተረጉማለሁ።

መጀመሪያ የተማርሁት አትጨምሪ፣ አትቀንሺ የሚለውን ነው። ስታለቅስ አብረሻት አታልቅሺ፣ ዝም ስትል ጠብቂያት። ተከሳሹ ዘመድሽ ወይም ወዳጅሽ ከሆነ ደግሞ እጅሽን አውጪና ለባልደረባሽ አስረክቢ። ይህን እኔም በተራዬ ለአዲሶቹ ሴቶች አስተምሬዋለሁ። ያን ነገር ካደረግሁ በኋላም ፊታቸው ቆሜ አስተምሬዋለሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

እትዬ ትርንጎ እኔ በምኖርበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ቤቷ። በመጣን በሁለተኛው ዓመት ባሏ ሞቶባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋ ለወግ አብቅታለች። ዕብራይስጥ አልገባላትም፤ «እሱ ቋንቋ አፌ ውስጥ ሲገባ ድንጋይ ይሆንብኛል» ትል ነበር። ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። እኔ ኦርሊን ስወልድ ባሌ ጥሎኝ ሄዶ ነበር። አራስ ሳለሁ ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ ወደ ቤቷ ሳትወጣ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ገብታ ገንፎ ታገነፋልኝ፣ ልጄን ታጥብልኝ ነበር። በደከመ ወገቧ። ይህን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማንን እንደሸጥሁ እንድታውቁ ነው።

ትርንጎ ከባሕሩ ዳርቻ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ከተደረደሩት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ታጸዳ ነበር። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የታከለና የኔ ነው። ታከለ የጽዳት ሠራተኞቹ አኽራይ ነበር፤ በሥራ ቤት ኃላፊውን እንዲህ ነው የምንለው። የኛው ሰው ነው። ከኡልፓን፣ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ ወጥተው ሥራ ያጡትን ሴቶች በየተራ እያስገባ እንጀራቸውን ያበሰለላቸው እሱ ነው። ልቅሶ ቤት መጀመሪያ የሚደርስ፣ ሰርግ ላይ ከሽማግሎች ጎን የሚቀመጥ፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው።

የታከለ ልጅ ዮሲና የኔ ኦርሊ ወታደር ቤት ተዋወቁ። ሽማግሌ ተላከ። ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ዝምድና አልተገኘም። የሰርጉ አዳራሽ ተያዘ። እኔ ባሏ የጣላት፣ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ በጎን የምትታይ ሴት፣ ከታከለ ቤት ጋር ልጋባ ነው። አንገቴ ቀና አለ። ለምን እዋሻለሁ? ከልጄ ደስታ ይልቅ የኔ አንገት ነበር ደስ ያለው።

ሰርጉ ወር ከምናምን ሲቀረው ትርንጎ ከሥራ ወጥታ ደወለችልኝ፤ ከገደሉ አፋፍ መንገድ ላይ ነኝ፣ ነይልኝ አለችኝ። ስደርስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ሰው ልጆቹን ይዞ ሽር ሽር ይላል፣ ከታች ባሕሩ ውስጥ ይዋኛሉ። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳዋለች። ከጎኗ ስቀመጥ ራቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ እንደ ወትሮዋ መስሎኝ ነበር። ሰው እንዳይነካት ኖሯል።

እጆቿን እያየች ነገረችኝ። አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ እንደጠራት፣ በሩን ከውስጥ እንደዘጋው፣ አፏን እንዳፈናት። የቀረውን አልደግመውም። እሷ ግን ሁሉንም ነገረችኝ፤ አንድ ጊዜ ከጀመረች አላቋረጠችም።

«ማነው?» አልኋት። ስጠይቅ እንኳ ልቤ ያውቅ ነበር መሰለኝ።

«ታከለ» አለች። «ልጅሽ ለልጁ መታጨቷን አውቃለሁ። ግን እኔ ወደ ሥራሽ ነው የመጣሁ፣ ወደ ዝምድናሽ አልመጣሁም። የምትችይ ካልሆነ ሌላ ሰው ስጭኝ።»

አያችሁ? በሩን ከፍታልኝ ነበር። ሌላ ሰው ስጭኝ አለችኝ። ማኅበራችን ውስጥ አማርኛ የምታውቅ ሌላ ባልደረባ ነበረች፤ አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ምን አሰብሁ? ያቺ ባልደረባዬ ብትሄድ ሁሉን እንደወረደ ትተረጉመዋለች ብዬ አሰብሁ። ወዲያው፣ ትርንጎ አፏን ሳትዘጋ፣ ይህን ነበር ያሰብሁት። ስለዚህ እጇን ያዝሁና፣ «እትዬ፣ ካንቺ የሚበልጥብኝ ዝምድና የለም፤ እኔው እሄዳለሁ» አልኋት። ማልሁላት። በልጄ ስም ማልሁላት።

ሌላም አለ። ሥራዬ ነውና ያን ሰዓት መደረግ ያለበትን አውቃለሁ። ሳትታጠብ፣ ልብሷን ሳትለውጥ ሆስፒታል መሄድ ነበረባት፤ እኔ ራሴ ለስንት ሴት ተናግሬዋለሁ። ለትርንጎ ግን ምን አልኋት? «ቤት ግቢ፣ ገላሽን ታጠቢ፣ ተኚ፤ ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አልኋት። እንደ እናት አባብዬ፣ ትከሻዋን አቅፌ አልኋት። አመሰገነችኝ። የዚያን ቀን ደግነቴ ከጭካኔዬ የከፋ ነበር።

በማግስቱ ሄድን። የጣቢያው በር ላይ ያለው ወጣት ፖሊስ ጉዳዩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝ። ይህችን ጥያቄ ቀላል አታድርጓት። እዚያ በር ላይ አንዱን ቃል ብናገር ለዚሁ ነገር የተማረች መርማሪ ትጠራለች፣ በር ተዘግቶ ትሰማለች፣ ሆስፒታል ይደወላል። ሌላውን ቃል ብናገር እንደማንኛውም ሰው ወረፋ እንይዛለን። የትኛው ቃል የትኛውን በር እንደሚከፍት ከኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። «በሥራ ቦታ የተፈጠረ ጠብ ነው፤ ኃላፊዋ ገፈተራት» አልሁ። ወረፋ ያዝን። ትርንጎ ምን አልሽው አለችኝ። መጥተናል አልሁት አልኋት።

የተቀበለችን መርማሪ ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ክፉ ነገር ልናገርባት አልችልም። ውኃ ቀዳችላት። አማርኛ የሚችለው ፖሊሳችን ዛሬ የለም፣ ብርቄ ብትተረጉምልሽ ትስማሚያለሽ ወይ ብላ በኔው አስጠየቀቻት። ትርንጎ እኔን አየችኝና፣ «እሷማ ልጀ ናት» አለች። ይህን በትክክል ተረጎምሁት።

ከዚያ ትርንጎ ተናገረች። «ደፈረኝ» ነበር ያለችው። አማርኛ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ሁለት ፊት አለው። ልጅ አባቱን ሲመልስበት ደፈረው ይባላል፣ ባለጌ ሽማግሌ ፊት እግሩን ሲያነባብር ደፈራቸው ይባላል። እኔ ያንኛውን ፊት ይዤ ሮጥሁ። «አላከበረኝም፣ አዋረደኝ ነው የምትለው» አልሁ በዕብራይስጥ። እና ለብዙ ጊዜ፣ ማታ ማታ ከራሴ ጋር ስከራከር፣ እኔ እኮ አልዋሸሁም፣ ቃሉ ያንንም ይላል እል ነበር።

ግን ትርንጎ ያን ቃል ብቻ ነው ወይ ያለችው? በሩን ቆለፈው ብላለች። አፌን አፈነኝ ብላለች። ልብሴን ብላለች። እነዚህስ ሁለት ፊት አላቸው? እኔ «ጮኸባት» አልሁ። እኔ «እጁን አነሳባት፣ መደርደሪያው ላይ ገፈተራት» አልሁ። እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም ጉቦ አልሰጠኝም፣ ታከለ ያኔ ምንም አያውቅም ነበር። ዕብራይስጤ እንደዚያ ቀን ተስተካክሎ ወጥቶልኝ አያውቅም። እሷ እየተንቀጠቀጠች የምታወጣውን እኔ እያለሰለስሁ፣ እያሳጠርሁ አሳለፍሁት። መርማሪዋ ጻፈች።

ጽፋ ስትጨርስ ያነበበችው ጮክ ብላ ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፣ ከሳሽ ሰምቶ ካላመነበት አይፈርምም። እሷ ስታነብብ እኔ ለትርንጎ ወደ አማርኛ እመልስላት ነበር። የመለስሁላት ግን የተነበበውን አይደለም። ትርንጎ ራሷ የተናገረችውን፣ በሩን፣ አፏን፣ ልብሷን፣ አንድም ሳላስቀር መልሼ ነገርኋት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። አዎ አለች። አዎ፣ እንደዚህ ነው። ለመርማሪዋ፣ «ልክ ነው ትላለች» አልኋት።

ከዚያ መርማሪዋ ብዕሩን አስቀምጣ የምትጨምረው ነገር ካለ ጠይቂልኝ አለችኝ። ወደ ትርንጎ ዞርሁ።

«ደከመሽ ወይ እትዬ?»

«አዎ ልጀ፣ ደክሞኛል።»

ወደ መርማሪዋ ዞርሁና፣ «የምትጨምረው የለም» አልሁ።

ይህ ነው በደሌ። እኔ አደረግሁት። ሰው ልጁን ለማዳን ሲል ይሳሳታል ትሉኝ ይሆናል። ልጄ ምን ሆና ነበር? ማን ነካት? ልጄ ደህና ነበረች። ያልዳነችው ሌላ ሴት ነች።

በአውቶቡስ ስንመለስ ትርንጎ መስኮቱን ይዛ እስከ ቤት ድረስ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ቀለል ብሏት ነው ብዬ አሰብሁ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምን የማያስበው አለ? ታከለ ተጠራ። አዎ፣ በሥራ ተናድጄ ገፈተርኋት፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ አለ። መዝገቡ ተዘጋ። ትርንጎ የመንግሥት ሰው ያመናት ያህል እንዲሰማት፣ «ነገሩ ከባድ ስለሆነ ጊዜ ይፈጃል» እያልሁ ሰንብቼ፣ በመጨረሻ «ማስረጃ አልተገኘም አሉ» አልኋት። «እሽ» አለች። የሆቴሉን ሥራ ተወችው፤ የሕንፃ ደረጃ ማጠብ ጀመረች።

ታከለ ግን ገብቶት ነበር። ትርንጎ ምን እንደምትል ያውቃል፣ ከሚሽታራው አፍ የሰማው ሌላ ነው፣ የተረጎመው ማን እንደሆነ ደግሞ ሰምቷል። በሰርጉ ቀን፣ ትከሻ በሚመታበት መሐል ሊስመኝ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ውለታሽን አልረሳውም» አለኝ። እኔስ ምን አልሁ? አሜን አልሁ። ምረቃ እንደተቀበለ ሰው አሜን አልሁ፣ ትከሻዬንም መታሁ።

ትርንጎ ሰርጉ ላይ አልመጣችም። ሰዎች ለምን ቀረች ሲሉ፣ «አሟት ነው» አልሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንኳ በቂ ነበር። አላበቃም። ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ሊያት የምትባል ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፣ ወታደርነቷን ጨርሳ እዚያው ሆቴል ምግብ ቤቱ ውስጥ የምትሠራ፣ በራሷ እግር ሚሽታራ ሄዳ በታከለ ላይ ቴሉና አስገባች፤ ከሰሰችው ማለት ነው። እሷ አፍ አላስፈለጋትም። በራሷ ዕብራይስጥ ነው የተናገረችው። ያደረገባት ያንኑ ነበር፤ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ በር።

ታከለ ካደ። እሷና እሱ ብቻ ነበሩ፣ ቃሏ በቃሉ ላይ ቆመ። መርማሪው የድሮ መዝገብ ቢፈልግ የትርንጎ ተገኘ። ተከሳሹም ራሱ አንስቶታል፤ ከዚህ በፊት የከሰሰችኝ ሴት እንኳ ገፈተረኝ ነው ያለችው፣ እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው ብሆን ኖሮ ያኔ ትለው ነበር ብሎ። የኔን ውሸት ጋሻ አደረገው። መርማሪው ግን ብልህ ነበር፤ ያቺን ሴት ደግሜ ልስማት፣ ምናልባት ያኔ ያልተናገረችው ነገር ይኖራል አለና ወደ ማኅበራችን ደወለ። አለቃዬም ወደኔ ዞረች። ያኔ አብረሻት የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ታምንሻለች፣ ሄደሽ አነጋግሪያት አለችኝ።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ትርንጎ በረንዳው ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። ግቢ አለችኝ፣ ማስጣቷን አላቆመችም።

ሌላ ልጅ እንደከሰሰችው ነገርኋት። እንደሰማች፣ እናቷን እንደምታውቃት፣ ቤታቸው ክፋር ዮና እንደሆነ ነገረችኝ። መርማሪው አንቺን ይፈልጋል አልኋት። ያን ጊዜ ያልሽውን ድገሚለት አልኋት። እንዴት እንደዚያ ልል እንደቻልሁ ዛሬም አይገባኝም።

«ያን ጊዜ ያልሁትን?» አለች።

የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣችና ዞራ አየችኝ።

«ብርቄ፣ ያች ልጅ ፊቷ አልተለወጠም።»

«የቷ ልጅ?»

«መርማሪዋ። ያን ቀን። እሷም ሴት ናት። እኔ ያልሁት ቢደርሳት ፊቷ እንደዚያ ሁኖ ይቀር ነበር? ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፣ ዝም ብላ ጻፈች። ከኔ አፍ የወጣው አንች ዘንድ እንደቀረ ያን ጊዜ አወቅሁት።»

ባዶውን ቅርጫት ገፍቼ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በደረጃው ስንገናኝ እንዴት ዋልሽ ትለኝ የነበረው ይህን እያወቀች ነው። ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ እኔ፣ ምን ብዬ እንደጠየቅኋት ልንገራችሁ። «ታዲያ እያወቅሽ ለምን እዚያው አልተናገርሽም?» አልኋት። እሷን ጥፋተኛ ላደርጋት ሞከርሁ።

«በማን አፍ?» አለችኝ።

አልጮኸችም። እንደ ተራ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፣ መልስ የምትጠብቅ ይመስል።

አለቀስሁ። አሁን ሄጄ እውነቱን ልናገር፣ የለወጥሁት እኔ ነኝ ልበል፣ አንቺም ነይና ቃልሽን ስጪ እያልሁ ለመንኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔ ሁለተኛ ሰው ፊት አልራቆትም» አለች። «አንች ግን ለኔ ብለሽ ከሆነ ይቅር። ለልጅቱ ብለሽ ከሆነ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? እግር አለሽ።»

እግር አለኝ። ከዚያ ቤት በእግሬ ወርጄ፣ በእግሬ ቢሮ ሄድሁ። ለአለቃዬ ምን ነገርኋት? «ትርንጎ መናገር አልፈለገችም» አልኋት። ከአፌ የወጣው ቃል ሁሉ እውነት ነበር። ኦርሊ ያኔ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እንዳትደነግጥብኝ አልሁ ለራሴ። እኔም እከሰሳለሁ፣ እታሰራለሁ፣ ሥራዬን አጣለሁ አልሁ ለራሴ። ከወለደች በኋላ አልሁ። ከዚያ ከአራስ ቤት ከወጣች በኋላ አልሁ። የሊያት መዝገብ ማስረጃ አነሰው ተብሎ ተዘጋ። ታከለ ዕድሜው ደርሶ በጭብጨባ ተሸኘ።

ሊያትን አንድ ጊዜ የአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከእናቷ ጋር አይቻታለሁ። ፀጉሯን ተቆርጣው ነበር። እናቷ አውቃኝ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ያቺን አሮጊት እንድትመሰክር እስከ ቤቷ ድረስ ሄደሽ የለመንሽልን አንቺ ነሽ አሉ፣ እግዜር ይስጥሽ አለችኝ። ልጅቷ ስልኳን ታያለች። አውቶቡሱ ሳይመጣ፣ የረሳሁት ነገር አለ ብዬ ተመለስሁ።

ኦርሊ ሴት ልጅ ወለደች። ታከለ አያቷ ነው፤ ይወዳታል፣ አሻንጉሊት ያመጣላታል። አራት ዓመት ሲሞላት ኦርሊ ሥራ ጀመረችና አማቴ ጡረታ ነው፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እሱ ይዟት ይምጣ አለች። አይሆንም አልሁ። እሱ እኮ ቤቱ ቅርብ ነው ስትለኝ፣ እኔ አመጣታለሁ፣ እኔ አለሁ አልኋት። ተጣላን። «ለአያትነቱ ቀንተሽበት ነው» አለችኝ በዕብራይስጥ፤ ስትቆጣ በዕብራይስጥ ነው የምትናገረው። ይሁን፣ ቀንቼ ነው አልኋት። ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ትቼ ልጅቷን እኔ አመላልሳለሁ። ሰንበት ሲገናኙ እኔም ሄጄ ከክፍል ክፍል እከተላለሁ። ኦርሊን ሰልችቻታለሁ፤ አብዝታ አትጠራኝም። ዮሲ እናትሽ አርጅታለች ይላታል አሉ። ታከለ ሲያየኝ ፈገግ ይላል። ለምን እንደምጠብቃት የሚያውቅ ከሱ በቀር ማንም የለም። እሱና እኔ ብቻ ነን የምንግባባው፤ እንዲህ ያለ ዝምድና ነው ያፈራሁት።

አሁን ይህን ጻፍሁ። ስጽፍ ደግሞ አንድ ነገር ተገለጠልኝ፤ እሱንም ሳልናገር ብቀር ሌላ ውሸት ነው። የጻፍሁት በፊደላችን ነው። ትርንጎ ማንበብ አትችልም። ኦርሊ አማርኛ ትሰማለች እንጂ ፊደል አታውቅም። ሊያትም አታውቅም። መርማሪዎቹ አያውቁም። እውነቱን ማወቅ ከሚገባቸው ሰዎች አንዳቸውም ይህን ገጽ ቢያገኙት አንድ መስመር አያነብቡም። ይህን አስቤበት ነው ወይስ እጄ በራሱ ነው ያደረገው? አላውቅም። እጄን ግን አውቀዋለሁ።

ነገ ለልጄ እነግራታለሁ፣ ነገ ሚሽታራ እሄዳለሁ ብዬ ብጨርስላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። ለራሴ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ። አትመኑኝ። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም፣ ይቅርታው በእጃችሁ የለም። ይቅርታው በእጇ ያለውን ሴት ዛሬ ጠዋት ባልዲዋን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ አገኘኋት። አርጅታለች። እንዴት አደርሽ አለችኝ። ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኋት፣ እንድታልፍም መንገድ ለቀቅሁላት።